በመሐል የተደራረቡ መስኮቶች

አራሚዋ ከተርጓሚው ጋር የተጣላችው ገና መልኩን ሳታውቀው ነው።

የጠባቸው ምክንያት አንድ ኮምፒውተር ነበር። አሳታሚ ድርጅቱ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለሁለቱ አካፍሎ ሰጥቷቸዋል፤ ጠዋት እሱ ይተረጉምባታል፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ታርምባታለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ዝናብ የሚያስገባ አንድ የግድግዳ መስኮትና ሰፊ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ አንዴ ከጠፋ ለመነሣት እንደ በሽተኛ ስለሚያቃስት ማንም አያጠፋውም። ስለዚህ እሷ መጥታ ስትቀመጥ፣ እሱ ጠዋት የከፈታቸው መስኮቶች ስክሪኑ ላይ እንደተዋቸው ይጠብቋታል።

ያበሳጫት አቀማመጣቸው ነው። ያ ሁሉ ስክሪን ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ፣ አራት አምስት መስኮቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ዋናው ጽሑፍ ከትርጉሙ ሥር ተቀብሯል፤ መዝገበ ቃላቱ በሁለቱም ላይ ተጋድሟል። አንዱን ለማየት ሌላውን ማንሣት ግድ ነው።

«ይኼ ሰው ቤቱም ሲገባ ሳህኑንና ጫማውን አንድ ላይ ነው መሰለኝ የሚያስቀምጠው» አለች ለብቻዋ። ከዚያም መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ዘረጋጋቻቸው፤ ዋናውን በግራ፣ ትርጉሙን በቀኝ፣ መዝገበ ቃላቱን ከታች። ዓይኗ ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር መንገዱ ቀና ሆነላት።

በማግሥቱ ተመልሰው ተቆልለው አገኘቻቸው። እንደገና ዘረጋቻቸው። ቀጥሎ ስትመጣ ከክምሩ አናት ላይ አዲስ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ «እባክዎ መስኮቶቼን አይበትኑብኝ።»

ከሥሩ ጻፈችበት፤ «እባክዎ መስኮቶቼን አይቆልሉብኝ።»

ሰኞ ዕለት ሆን ብላ ቀደም ብላ መጣች። ቀጠን ያለ ወጣት አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አጎንብሶ ይጽፋል።

«እርስዎ ነዎት ቆላዩ?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱን አዙሮ ተመለከታት። ትንሽ ፈልጎ ነው ያገኛት።

«እርስዎ ደግሞ በታኟ መሆን አለብዎት።»

«ሰው እንዴት በዚያ ክምር ውስጥ ይሠራል?»

«ሰው እንዴት በዚያ ሜዳ ላይ ይሠራል?»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። እሱ ቦርሳውን አነሣ፤ ሲወጣ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ፤ ደህና ዋይም ሳይላት ሄደ።

የቢሮው ሰዎች «ሚኒስትሩ» ነው የሚሉት። ኮሪደር ላይ አንገት ነቅንቀው ሰላም ቢሉት አይመልስም፤ ከጎኑ ቢቀመጡም ዞር ብሎ አያይም። ከሰዓት የሚያስቆይ ነገር ቢኖር እንኳ ቀን ገና ሳይዘቀዝቅ ቤቱ ይገባል። «ምን ያድርግ፣ ጉዳይ ይበዛበታል» ይላሉ እየተሳሳቁ። እሷ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ አብራ አልሳቀችም።

እስከዚያች ምሽት ድረስ። ዋና አዘጋጇ፣ ሁሉም ሰው «እትዬ» የሚላቸው አዛውንት፣ ስብሰባ ጠርተው ያስመሹበት ቀን ነበር። ስትወጣ ዝናቡ ገና እያባራ፣ ጨለማው ገና እየያዘ ነው። አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆማ ሳለ ተርጓሚው ግድግዳውን ታክኮ፣ እግሩን እየመረጠ ሲመጣ አየችው። በስብሰባው መሐል አንድ ሁለቴ ዓይን ለዓይን ተጋጭተው ስለነበር ደፍራ ፈገግ አለችለት። ፊቱ ወደ እሷ ነው። ትክክል ወደ እሷ። አጠገቧ ደረሰ፤ አለፋት።

ታዛው ሥር የነበሩት ሰዎች አይተዋታል። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ሲያምረው ይቅር!» አለች በልቧ። ከማግሥቱ ጀምሮ ደግሞ «እርስዎ»ን እንደ በረዶ ትወረውርበት ጀመር።

ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር፤ የነርሶች ማሠልጠኛ መጽሐፍ ባይመጣ ኖሮ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ይፈለጋልም በአስቸኳይ። እትዬ ሁለቱንም አስጠርተው «ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ትሠራላችሁ። እሱ ሲተረጉም አንቺ ከሥር ከሥር ታርሚያለሽ። መጣላት ካማራችሁ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ» አሏቸው።

ሁለቱን ወንበሮች አንድ ስክሪን ፊት አስጠግተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው የነበረው ዝምታ ከጠረጴዛው ይከብድ ነበር። ዳሩ ግን አብሮ እየሠሩ ዝም ብሎ መዝለቅ አይቻልም። እሱ አንድ ቃል ይጠይቃል፤ እሷ ሁለት ትመልሳለች። እሱ ከሁለቱ የባሰውን ይመርጣል፤ እሷ ትቆጣለች። «እርስዎ» ሳይታወቃቸው «አንተ»ና «አንቺ» ሆነ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው አንድ ቀን። «ለምንድነው እንዲህ የምትቆልላቸው?»

«ሲዘረጉ ይጠፉብኛል።»

«የት ይጠፋሉ? ስክሪኑ ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ስክሪኑ ትልቅ ነው» አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ያን ቀን ከሰዓት ሻይ ይዛ መጣችና ብርጭቆውን ክርኑ አጠገብ አኖረችለት፤ ማኖሯንም የነገረችው መሰላት። እጁን ወደ ማውሱ ሲዘረጋ ብርጭቆውን ገፋው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ! አላየሁትም።»

«ክርንህ ሥር እኮ ነው ያለው!»

ስክሪኑን ፊት ለፊት እያየ ቀረ። እሷ በጨርቅ ስትጠርግ፣ በሩን የገጨው ትከሻ፣ ግድግዳውን ይዞ የሚሄደው እግር፣ ወደ እሷ ዞሮ ያላያት ፊት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጡባት። ጨርቁን አስቀመጠች። እጇን አንሥታ ከጆሮው ጎን ያዘችና ጣቶቿን አወዛወዘች። አልነቃም። ወደ ፊት አስጠጋችው። አልነቃም። ጉንጩን አለፈች። ዓይኑ ፊት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

የግድግዳው መስኮት ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ማታ ማታ ከልጅነቴም አይታየኝም ነበር። ቀን ላይ መዝጋት የጀመረው ግን ካደግኩ በኋላ ነው። አጎቴም እንዲሁ ነበር። ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። አሁን ዓለምን የማየው በቁልፍ ቀዳዳ ነው።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

«ሐኪሜ በጣም ጥሩ ሰው ነው። አብሮኝ አዘነ።»

ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም። «ያን ዕለት፣ ስብሰባ ያመሸን ቀን፣ መንገድ ላይ…»

«ምን?»

«ተወው።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ፈገግ ብልልህ ዘግተኸኝ አለፍክ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ፈገግ አልሽልኝ?»

«አዎ።»

«ስንቱ ነገር እንዳመለጠኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼኛው ግን ያንገበግበኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ለማንም እንዳትነግሪ። እትዬ ካወቁ ሥራው አበቃ።»

በማግሥቱ ከሱ ቀድማ ገባች። መስኮቶቹን አልዘረጋቻቸውም፤ አልቆለለቻቸውም። ዋናውን ጽሑፍ ከላይ፣ ትርጉሙን ከሥሩ አደረገች፤ ሁለቱንም አጠበበቻቸውና ልክ መሐል ላይ አቆመቻቸው። ፊደሉን አጎላች፤ ጀርባውን አጠቆረች። መዝገበ ቃላቱን ከዓይን ሰወረችው፤ ሁለት ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ይመጣል፤ እንደገና ሲጫኑ ይሄዳል። ዳርና ዳሩ ላይ ምንም አልተወችም።

እሱ ሲመጣ ጣቶቹን ይዛ ቁልፎቹን አስለመደችው። «ይኼ ዋናው ነው። ይኼ ትርጉሙ። ይኼኛው መዝገበ ቃላቱን ይጠራዋል።» ዓይኑን ጨፍኖ እየጠራ አንድ በአንድ አመጣቸው። ሁሉም ታዛዥ ልጅ ሆነው መጡ። ጣቶቹን ለቀቀቻቸው፤ እሱ ግን አልለቀቃትም።

«ማንም ሰው» አለ፣ «ለኔ ብሎ ቦታ አስተካክሎልኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ሁልጊዜ ለሰው የምጠብበው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ስሙ ፍቅር ነው፤ አንዳቸውም ግን በስሙ አልጠሩትም። ቀኑ ሳይዘቀዝቅ አብረው ይወጣሉ። እሷ በቀኙ ትሆናለች፤ «ጉድጓድ» ትለዋለች፣ «ደረጃ»፣ «ጠብ የሚፈልግ ውሻ»። የቢሮው ሰዎች «ሚኒስትሩ አጃቢ ተመደበላቸው» ብለው ቀለዱ። ቀልዱ ደስ አላት።

የሚያያት አስተያየት ልዩ ነበር። ሌላው ሰው ፊትን ባንድ ጊዜ አይቶ ይጨርሳል። እሱ በትንሿ ቀዳዳው መጀመሪያ አንድ ዓይኗን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ከንፈሯን፣ ከዚያ ግንባሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ እየፈለገ እያገኘ ያልፋል። ሲያያት ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። እንደዚያ ተቆጥራ ታይታ አታውቅም።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ረቂቁን እንድታነብ የተሰጣት አንዲት ነርስ ወደ እትዬ ቢሮ መጣች። ሁለቱም ተጠሩ። ነርሷ ጣቷን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አሳርፋ ቆማለች። የመድኃኒት መጠን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። በዋናው መጽሐፍ ላይ የመጨረሻው ዓምድ የሕፃናቱን መጠን ይናገራል፤ በትርጉሙ ላይ ያ ዓምድ ጨርሶ የለም።

«በዚህ የሚማር ልጅ ለሕፃን የአዋቂ ይሰጣል» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

አራሚዋ ወዲያው ገባት። ዓምዱ ከጠባቡ መስኮት ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። ወደ ቀኝ የገፋ ያየዋል፤ ያልገፋ መኖሩንም አያውቅም። እሱ አልገፋውም። እሷም እንደ ወትሮዋ መስኮቶቹን ዘርግታ ጎን ለጎን በማስተያየት ፈንታ፣ ለእሱ ያበጀችውን አቀማመጥ ሳትነካ ነበር ያረመችው። ልታፈርሰው ሳስታ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ» አለች። «ያረምኩት እኔ ነኝ። ሳላየው አለፍኩት።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ነጠላ ሰረዝ የማታሳልፊ ልጅ፣ ሙሉ ዓምድ ሳታዪ ቀረሽ?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«ትዋሻለች» አለ ተርጓሚው ከጎኗ። «እኔ ነኝ ያላየሁት። ዓይኔ እየጠፋ ነው እትዬ። መጥፋት ከጀመረ ቆይቷል፤ ደብቄዎት ነው።»

ነርሷ እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝም፣ ልጄ?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«እንዲህ ‹ልጄ› እንዳይሉኝ ብዬ ነው» አላቸውና ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። መደገፊያውን ይዞ እየወረደ ነው።

«ውሸቱ የቱ ጋ ነው? መስኮቱን ያጠበብኩት እኔ አይደለሁም?»

«ለኔ ብለሽ ነው ያጠበብሽው።»

«እና ለማን ብዬ ላጥብበው?»

ቆመ። ወደ እሷ አልዞረም። «ዛሬ ጥፋቴን ተሸከምሽ። ነገ እኔን ትሸከሚያለሽ። ከነገ ወዲያ ይደክምሻል፤ ደከመኝ ግን አትዪኝም፤ እኔም ከድምፅሽ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ያለውን ድምፅሽን መስማት አልፈልግም። ተይኝ።»

ሊረግጠው ያለው ደረጃ እርጥብ ነበር። «ተጠንቀቅ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ እሱንም መሸከም ይለዋል ብላ ዘጋችው። እግሩ ትንሽ ተንሸራተተ፤ መደገፊያውን አጥብቆ ያዘና ወረደ።

ቤቷ ስትገባ እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አራሚዋ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከመጀመሪያው እስከ ደረጃው። እንድታባብላት ነበር የፈለገችው።

«እውነቱን ነው» አለች እናቷ።

«ማን?»

«ልጁ ነዋ። ካንቺ እሱ ይሻላል፤ የሚመጣውን ያውቃል።»

«እማዬ!»

እናቷ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አኖረችው። «አባትሽን እወደው ነበር። ይኼን አንቺም ታውቂያለሽ። አልጋ ላይ ሲውል አንድ ቀን አልተማረርኩም፤ ሰውም መስክሮልኛል። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ሳገላብጠው፣ ‹ምነው በቃ ባረፈ› አልኩ በሆዴ። በሆዴ ነው ያልኩት። ዞሮ አየኝ።» ሸሚዙን ደግማ አጣጠፈችው፤ የተጣጠፈውን። «ሰምቶኝ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። አንቺ እዚያ ቦታ ላይ እንድትቆሚ አልፈልግም። እሱን ካገባሽ እኔን አትጥሪኝ፤ ቤትሽም አልመጣም።»

ተርጓሚው ሥራውን ለቀቀ። ስልኩን አያነሣም። መጽሐፉ ታርሞ ታተመ። በተርጓሚው ምትክ የተቀጠረው ሰው ጨዋ ነው፤ ደህና ዋይ ሳይል አይወጣም፤ መስኮቶቹንም ልክ እሷ እንደምትወደው፣ ዋናውን በግራ፣ ትርጉሙን በቀኝ ዘርግቶላት ይሄዳል። ከሰዓት መጥታ ስትቀመጥ የምትነካው፣ የምትጎትተው፣ የምትነጫነጭበት ምንም አልነበረም። አንድ ቀን ባዶ እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች።

እሑድ ዕለት ቤቱ ሄደች። ከእህቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ እህቱ በሩን ከፍታ ስታያት ማንነቷን አልጠየቀቻትም።

«መጣሽ?» አለቻት ብቻ። «ግቢ። ዕቃ ካለበት እንዳታንቀሳቅሺ፤ የሚቆጣው እኔን ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ዓይኑን በሻሽ አስሯል። ከማሽኑ አንድ የደረቀ ድምፅ ይወጣል፤ ጽሑፉን ያነብለታል፤ ቁልፍ ሲጫንም ፊደሉን ይጠራለታል። ስክሪኑ ላይ መስኮቶቹ እንደ ወደቁ ቀርተዋል፤ ግማሹ ከጠርዝ ወጥቷል፣ ግማሹ ተገልብጦ የተጣለ ይመስላል። የት እንደሆኑ ከእንግዲህ ግዱ አይደለም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጣቶቹ ቆሙ። ሻሹን ግን አልፈታም።

«ለምን ሸፈንከው? ገና ይታይሃል እኮ።»

«እየለመድኩት ነው። ድንገት ከሚመጣብኝ እኔው ልሂድበት ብዬ።»

«ስልኬንስ ለምን አታነሣም?»

«ምን እንደምልሽ ስለማላውቅ።»

«ይኸው መጣሁ። አሁንስ?»

«አሁንም አላውቅም።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ሂጂልኝ። እባክሽ።»

ወደ በሩ ተመለሰች። በሩን ከፈተች። እግሯ ግን ደፉን አልሻገር አላት። በሩን ከውስጥ ዘጋችውና እጀታውን እንደያዘች፣ ትንፋሿን ውጣ ቆመች።

እሱ አዳመጠ። ዝም ብሎ ብዙ አዳመጠ።

«ጎበዝ» አለ በመጨረሻ ለራሱ። «አባረርካት። ጎበዝ ሚኒስትር! አሁን ደስ ይበልህ።»

ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። የደፋው ኪቦርዱ ላይ ነበርና ያ የደረቀ ድምፅ ተነሣ፤ «ከ፣ ከ፣ ከ፣ ከ፣ ከ…» እያለ ያላንዳች ርኅራኄ ቀጠለ። እሱ አያነሣው ጭንቅላቱን፤ ማሽኑ አያቆመው መጥራቱን።

ሳቋ አመለጣት። ሳቅ ሆኖ ወጥቶ እንባ ሆኖ ቀረ።

ብድግ አለ። «አልሄድሽም!»

«አልሄድኩም።»

«ይኼ ማታለል ነው።»

«አዎ ነው። ክሰሰኝ።» ቀረብ አለችው። «አሁን እኔ ልናገርና ከዚያ የፈለግከውን በል። ይደክመኛል። አልዋሽህም፣ እንደ ሰው ይደክመኛል። ሲደክመኝ ግን ‹ደከመኝ› እልሃለሁ፤ ከድምፄ አትፈልገውም፣ ካፌ ትሰማዋለህ። አንተም ሲጨንቅህ ትነግረኛለህ። ያንተን ጥፋት ዳግመኛ አልወስድብህም። አንተም የኔን ነገና ከነገ ወዲያ እኔን ሳትጠይቅ አትጨርስብኝ።»

ሻሹን ፈታው። ብርሃኑ አወከውና ትንሽ ቆየ። ከዚያ መፈለግ ጀመረ፤ አንድ ዓይኗን፣ ሌላውን፣ ከንፈሯን። ጠባሳዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከስተሻል» አላት።

«አንተም አላማረብህም።»

ተጋቡ። ሠርጉ ሠርግ አልነበረም፤ መዝጋቢ ፊት ቀርበው ፈረሙ፤ እሱ የት እንደሚፈርም ጣቱን ይዛ አሳየችው። እህቱ ምስክር ሆነች፤ እትዬም መጥተው ፈረሙ፤ «ልጄ» ሊሉት ጀምረው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እናቷ አልመጣችም። ወንበር ይዘውላት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ባዶውን ቆየ።

እትዬ ሥራ ወደ ቤት ይልኩላቸው ጀመር። እሱ እየሰማ ይተረጉማል፤ ሠንጠረዥ ሲመጣ እሷ እስከ ጠርዙ ገፍታ ታነብለታለች። ኑሮው ቀላል አልነበረም። «ደከመኝ» ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እሱም በር ዘግቶ ማንንም ማናገር የማይፈልግባቸው ሳምንታት ነበሩ። አንዴ ክፉኛ ተጣልተው፣ እህቱ መሐል ገብታ ሁለቱንም ሰድባ ነው የታረቁት።

ቀዳዳዋ እየጠበበች ሄደች። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳይነሣ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ፊቷን ይፈልጋል። ሲያገኛት «አለሽ» ይላታል። «አለሁ» ትለዋለች።

የክረምት አንድ ጠዋት ነቃ። ፊቱን ወደ ጣሪያው እንዳደረገ «ዝናቡ አላባራም እንዴ?» አላት። አንገቱን አላዘነበለም። በማግሥቱም አልፈለጋት። በሦስተኛው ቀን ገባት፤ መፈለጉን የተወው የሚያገኘው ስለሌለ ነው።

ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፈተችና ውሃው ድምፅዋን እስኪሸፍነው አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፤ ተመልሳ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አልጋው ላይ ነኝ» አለችው። «በግራህ። ፀጉሬን እያሰርኩ ነው።»

«አውቀሻል ማለት ነው» አላት።

«አውቄያለሁ። አሁን ተነሥቼ መጋረጃውን ልከፍት ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መናገር አላቆመችም። ጠብ ወይም ሥራ ካላነሣሣት በቀር ቁጥብ ነበረች፤ ዘመዶቿ ካፏ ቃል ለማውጣት ይቸገሩ ነበር። አሁን ግን ክፍል ስትገባ ትናገራለች፣ ስትወጣ ትናገራለች፤ ውሃ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ዝም ብላ ስትቀመጥ እንኳ «ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ» ትለዋለች።

እናቷ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት ነው። ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «በመንገዴ ስለሆነ ነው» አለች፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገድ ግን አልነበራትም። ግቢ ብትባልም ደፉ ላይ ቀረች።

ተርጓሚው ድምፅዋን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ፤ ወደ የት መዞር እንዳለበት ግን አላወቀም። ልጅቷ ሻይ ልታቀርብ ተሯሯጠች፤ አፏም አብሯት ይሯሯጣል፤ «ሻይ እየቀዳሁ ነው… ያንተን በቀኝህ አኖርኩት፣ ጆሮው ወዳንተ ነው… አሁን ካጠገብህ አለፍኩ…»

እናቷ ግራ ተጋብታ ታያት ነበር።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለቻት። «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ለፍላፊ የሆንሽው? ዝምታሽን ለማን ሰጠሽው?»

«ለኔ ብላ ነው፣ እማማ» አለ እሱ፣ ባልሆነ አቅጣጫ ዞሮ። «የት እንዳለች እንዳውቅ። አሁን ጨርሶ አይታየኝም።»

ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። እናቷ አንዴ ልጇን፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ በባዶ ግድግዳ ላይ የተተከለውን ፊቱን አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለችው። «በሩ ጋ ነው ያለሁት፤ ወደዚህ ዙር። ጃንጥላዬን ጥግ ላይ እያስቀመጥኩ ነው።» ገባች። እርምጃዋ ከበዳት፤ ድምፅዋ ግን አልተቋረጠም። «ወንበር ሳብኩ። አንተ ፊት ለፊት ነው። ይኸው ተቀመጥኩ።»